«ቢርላ»፦ አንድ መጠሪያ፣ ብዙ ባለቤቶች፤ ከአቃቂ ፋብሪካ እስከ ዴልሂ ምክር ቤት

ቢርላ በሰሜን ምዕራብ ህንድ ከምትገኘው የራጃስታን ግዛት የመነጨ የቤተሰብ ስም ነው። ስሙን የኢንዱስትሪ ባለሀብቶች፣ የፓርላማ አፈ ጉባኤ፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ቤተ መቅደሶች፣ ሙዚየሞችና ታላላቅ ኩባንያዎች ይጋሩታል። ከእነዚህ መካከል ከፊሎቹ በደም፣ ከፊሎቹ በሀብት የተሳሰሩ ሲሆኑ፣ ከስሙ በስተቀር ምንም የማያገናኛቸውም አሉ።

መጠሪያው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በምትገኘው አቃቂ ላይ የተተከለው የኢንዶ-ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ አክሲዮን ማኅበር የተመሠረተው በዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የመሥራቹ ስም ግን በፋብሪካው መጠሪያ ውስጥ አልገባም። በመሆኑም በዴልሂና በኮልካታ «ቢርላ» የሚለው ቃል በየአደባባዩ ሲነበብ፣ በአቃቂ ታሪኩ ያለ ስሙ ቀርቷል። ጉዳዩ በመዝገብ ቤት፣ በሰው ኃይል አስተዳደር፣ በትምህርት ማስረጃ ምርመራና በኢንቨስትመንት ሥራ ላይ ለተሰማሩ የመንግሥት ሠራተኞች ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

የስሙ አመጣጥ

ቢርላዎች ማርዋሪ ተብሎ በሚታወቀው የራጃስታን ነጋዴ ሕዝብ ውስጥ ማሄሽዋሪ የተባለው ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። የኢንዱስትሪው ቤተሰብ መነሻ በሼካዋቲ አካባቢ የምትገኘው ፒላኒ ናት። ሺቭ ናራያን ቢርላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከፒላኒ ወደ ቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ ሄደው የንግድ ሥራ ጀመሩ። ሥራውን የወረሱት ባልዴኦ ዳስ ቢርላ አራት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ እነርሱም ጁጋል ኪሾር፣ ራሜሽዋር ዳስ፣ ጋንሽያም ዳስ እና ብራጅ ሞሃን ይባላሉ። ዛሬ ቢርላ የሚለውን ስም የያዙት የተለያዩ የኩባንያ ቡድኖች በአብዛኛው ከእነዚህ ወንድማማቾች የወረዱ ናቸው።

ቃሉ በአማርኛ ከሚታወቀው የጠጅ መጠጫ ብርሌ ጋር በድምፅ ቢቀራረብም ምንም ዝምድና የለውም።

በአቃቂ፦ ስሙ ያልተጻፈበት ፋብሪካ

ኢትዮጵያና ህንድ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የመሠረቱት ህንድ ነፃነቷን በተቀዳጀች ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1956 በህንድ ይፋዊ ጉብኝት አደረጉ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በርካታ ህንዳውያን መምህራን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ የሐረር ጦር አካዳሚም በህንድ መኮንኖች እገዛ ተቋቋመ። መንግሥት የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ዕቅድ ሥራ ላይ ባዋለበት በዚህ ወቅት ከውጭ የሚገባውን ጨርቅ በአገር ውስጥ ምርት መተካት ዋነኛ ፍላጎት ነበር። በባሕር ዳር ከኢጣሊያ የጦር ካሣ የተገነባው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የዚሁ ዘመን ውጤት ነው።

የጋንሽያም ዳስ ቢርላ የመጨረሻ ወንድ ልጅ የሆኑት ባሳንት ኩማር ቢርላ እ.ኤ.አ. በ1959 የኢንዶ-ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ አክሲዮን ማኅበርን አቋቋሙ። ይህ ፋብሪካ በህንድ የኢኮኖሚ ታሪክ ውስጥ አንድ የህንድ ኩባንያ ከአገሩ ውጭ በሽርክና ያቋቋመው የመጀመሪያው ዋና የኢንዱስትሪ ድርጅት ተደርጎ ይጠቀሳል። ዛሬ በብዙ አገሮች የተስፋፋው የህንድ የውጭ ኢንቨስትመንት ታሪክ ሲጻፍ አንደኛው ምዕራፍ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ይጀምራል ማለት ነው።

የቦታው ምርጫ በምክንያት የተደገፈ ነበር። አቃቂ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር ሐዲድና ወደ ደብረ ዘይት በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ወንዝ ያላትና ለግንባታ የሚመች ሜዳማ መሬት የነበራት ከተማ ናት። በዚያው በአቃቂ ወንዝ ላይ የተገነባው የአባ ሳሙኤል የውሃ ኃይል ማመንጫም ለአካባቢው የኢንዱስትሪ ጅምር ከቀደምት መሠረቶች አንዱ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ዋና ዋና የኢንዱስትሪ ድርጅቶችን ወደ መንግሥት ይዞታ ሲያዛውር ፋብሪካውም የመንግሥት ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚታወቀው በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስም ነው። በዚህም የህንድ አሻራ ከመጠሪያው ጨርሶ ወጣ፤ ቀድሞውኑም የመሥራቹ ቤተሰብ ስም አልነበረበትም።

ስለዚህ የፋብሪካውን ታሪክ የሚመለከት ሰነድ የሚፈልግ ባለሙያ «ቢርላ» በሚል ርዕስ ቢፈልግ በአቃቂ ስም የተከፈተውን ማኅደር አያገኝም። «አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ» ብሎ ቢነሣ ደግሞ ከ1967 ዓ.ም. በፊት በኢንዶ-ኢትዮጵያ ስም የተጻፉት የቅጥር ደብዳቤዎች፣ የደመወዝ መዝገቦችና የይዞታ ወረቀቶች ሊያመልጡት ይችላሉ። በሁለቱም ዘመን ያገለገለ ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመኑን ለማስረዳት ሲቀርብ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ፋብሪካ መሆናቸውን የማያውቅ መዝገብ ቤት አንዱን አገልግሎት ለሁለት ሊከፍለው፣ ወይም የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሶ ሊያስቀረው ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩም ጥንቃቄ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. 1959 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1951 ዓ.ም. አጋማሽ እስከ 1952 ዓ.ም. መጀመሪያ ይዘልቃል። በመሆኑም በአንድ ዓመት ብቻ ተወስኖ የሚደረግ የሰነድ ፍለጋ የተሟላ ውጤት አይሰጥም።

አቃቂ ራሱም የብዙዎች ስም

አቃቂ የሚለው መጠሪያም በተራው ብዙ ባለቤቶች አሉት። ታላቁና ትንሹ አቃቂ የአዋሽ ገባር የሆኑ ወንዞች ናቸው። አቃቂ በባቡር ጣቢያዋ የታወቀች ከተማ ናት። አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ከተቋቋሙት አሥር ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ከከተማው ወሰን ውጭ በኦሮሚያ ክልል አቃቂ የሚል ስም ያለው ወረዳ አለ። የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ በበኩሉ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር ከገባ በኋላ የአቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ተብሏል። «የአቃቂ ፋብሪካ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ስለ ጨርቃ ጨርቅ ይሁን ስለ ብረታ ብረት በውል መግለጽ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ተመሳሳይ ድምፅ የሚያሳስትበት ሌላም ምሳሌ አለ። በአዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ በአቃቂ አቅራቢያ የሚገኘው የእንዶዴ ጣቢያ በስሙ አጀማመር «ኢንዶ» ከሚለው ቃል ጋር ቢመሳሰልም፣ ከህንድም ሆነ ከቀድሞው ፋብሪካ ጋር ግንኙነት የለውም።

ስሙን የሚጋሩ ሰዎች

ጋንሽያም ዳስ ቢርላ እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1983 የኖሩ ሲሆን፣ የቤተሰቡን ሥራ ከንግድ ወደ ኢንዱስትሪ ያሸጋገሩ ናቸው። በኮልካታ ከጁት ፋብሪካ ተነሥተው ወደ ጨርቃ ጨርቅና ሌሎች ዘርፎች ተስፋፉ። እ.ኤ.አ. በ1927 የህንድ የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤቶች ፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። የማኅተመ ጋንዲ የቅርብ ወዳጅና የትግላቸው ደጋፊ በመሆንም ይታወቃሉ።

ብራጅ ሞሃን ቢርላ የጋንሽያም ዳስ ታናሽ ወንድም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 የተቋቋመውንና «አምባሳደር» በተባለችው አውቶሞቢል የታወቀውን ሂንዱስታን ሞተርስን መሥርተዋል።

ክሪሽና ኩማር ቢርላ የጋንሽያም ዳስ ልጅ ናቸው። ሂንዱስታን ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ከእርሳቸው ወደ ልጃቸው ሾብሃና ባርቲያ አመራር ተሸጋግሯል። ልጃቸው በጋብቻ የባላቸውን የቤተሰብ ስም ስለያዙ፣ ዝምድናው እያለ ስሙ አይገኝም።

ባሳንት ኩማር ቢርላ የአቃቂው ፋብሪካ መሥራች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1921 ተወልደው በ2019 በ98 ዓመታቸው አርፈዋል።

አዲትያ ቪክራም ቢርላ የባሳንት ኩማር ልጅ ናቸው። የቤተሰቡን ኢንዱስትሪ በታይላንድ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በማሌዥያ፣ በፊሊፒንስና በግብፅ አስፋፍተው እ.ኤ.አ. በ1995 በ51 ዓመታቸው አረፉ። አባታቸው በአቃቂ የጀመሩት ከአገር ውጭ ፋብሪካ የመትከል ሥራ በልጃቸው ዘመን ሰፊ መስክ አገኘ።

ኩማር ማንጋላም ቢርላ የአዲትያ ቪክራም ልጅ ሲሆኑ፣ አባታቸው ሲያርፉ በ28 ዓመታቸው የአዲትያ ቢርላ ግሩፕን አመራር ተረክበዋል።

ኦም ቢርላ ከእነዚህ ሁሉ የተለዩ ናቸው። በራጃስታን የኮታ ከተማ ተወላጅና ፖለቲከኛ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 የህንድ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው ተመርጠዋል፤ በ2024ም በድጋሚ ተመርጠዋል። የማሄሽዋሪ ማኅበረሰብ አባል ቢሆኑም የኢንዱስትሪው ቤተሰብ አባል አይደሉም። በመሆኑም የአፈ ጉባኤውን ስም ከኩባንያዎቹ ጋር ማያያዝ ስሕተት ነው።

ስሙን የያዙ ሥፍራዎችና ተቋማት

በኒው ዴልሂ የሚገኘው ቢርላ ሐውስ የጋንሽያም ዳስ መኖሪያ የነበረ ግቢ ነው። ማኅተመ ጋንዲ የመጨረሻዎቹን 144 ቀናት ያሳለፉት በዚህ ግቢ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1948 በጥይት ተመተው የተገደሉትም በዚያው ነው። የህንድ መንግሥት ቤቱን ከቤተሰቡ ተረክቦ እ.ኤ.አ. በ1973 ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል፤ ዛሬ ጋንዲ ስምሪቲ በሚል ስም ይታወቃል። በአቃቂ እንደሆነው ሁሉ በዚህም ሥፍራው ባለበት ቆሞ ስሙ ተለውጧል።

ቢርላ ማንዲር የሚለው መጠሪያ ቤተሰቡ በህንድ በርካታ ከተሞች ላሠራቸው የሂንዱ ቤተ መቅደሶች የሚሰጥ የወል ስም ነው። የመጀመሪያው በዴልሂ የሚገኘው የላክሽሚናራያን ቤተ መቅደስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ማኅተመ ጋንዲ መርቀው የከፈቱት የማንኛውም ዘውግ ተወላጅ ያለ ልዩነት እንዲገባበት በማሳሰብ ነበር። በሃይደራባድ፣ በጃይፑርና በኮልካታም በዚሁ ስም የሚጠሩ ቤተ መቅደሶች አሉ።

በትምህርት ዘርፍ ሁለት ተቋማት በተለይ ይምታታሉ። አንደኛው በራጃስታን በፒላኒ የሚገኘው የቢርላ ቴክኖሎጂና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የዩኒቨርሲቲ ደረጃ አግኝቷል፣ በጎዋ፣ በሃይደራባድና በዱባይም ካምፓሶች አሉት። ሁለተኛው በራንቺ ከተማ አቅራቢያ በመስራ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1955 በብራጅ ሞሃን ቢርላ የተመሠረተው የቢርላ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ሁለቱ የሚለያዩት «ሳይንስ» በሚለው አንድ ቃልና በቦታቸው ብቻ ይምሰሉ እንጂ፣ በአስተዳደርም ሆነ በዲግሪ አሰጣጥ የተለያዩ ተቋማት ናቸው። ከእነዚህ በተጨማሪ በጉጃራት ግዛት እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመ ቢርላ ቪሽቫካርማ የተባለ የምህንድስና ኮሌጅ አለ። በርካታ ኢትዮጵያውያን በህንድ ከፍተኛ ትምህርታቸውን የሚከታተሉ እንደመሆናቸው፣ የትምህርት ማስረጃ የሚመረምር ባለሙያ የተቋሙን ሙሉ ስምና ከተማ ሳያረጋግጥ «ቢርላ ኢንስቲትዩት» የሚለውን ብቻ ይዞ ውሳኔ ሊሰጥ አይገባም።

በኮልካታ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ማለትም የአቃቂው ፋብሪካ በተመሠረተበት ዓመት፣ የቢርላ የኢንዱስትሪና ቴክኖሎጂ ሙዚየም ተከፍቷል። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1963 ጃዋሃርላል ኔህሩ መርቀው የከፈቱት የቢርላ ፕላኔታሪየም ይገኛል። በሃይደራባድና በቼናይም በዚሁ ስም የሚጠሩ ፕላኔታሪየሞች አሉ።

አንድ ስም፣ የተለያዩ ኩባንያዎች

ጋንሽያም ዳስ ካረፉ በኋላ የቤተሰቡ ሀብት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በልጆቻቸውና በወንድሞቻቸው ልጆች መካከል ተከፋፍሏል። ግራሲም፣ ሂንዳልኮና አልትራቴክ ሲሚንቶ የአዲትያ ቢርላ ግሩፕ ናቸው። ሂንዱስታን ሞተርስና ቢርላሶፍት ከብራጅ ሞሃን የወረደው የሲ ኬ ቢርላ ግሩፕ ሲሆኑ፣ ቢርላ ኮርፖሬሽን የተባለው የሲሚንቶ አምራች ደግሞ የኤም ፒ ቢርላ ግሩፕ ነው።

የኤም ፒ ቢርላ ግሩፕ ጉዳይ ስምና ባለቤትነት ሊለያዩ እንደሚችሉ በግልጽ ያሳያል። የማድሃቭ ፕራሳድ ቢርላ ባለቤት ፕሪያምቫዳ ቢርላ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲያርፉ፣ ሀብታቸውን ከቤተሰቡ ውጭ ለሆኑ የሒሳብ ባለሙያ እንዳወረሱ የሚገልጽ ኑዛዜ ቀረበ። በዚህ ሳቢያ በኮልካታ ፍርድ ቤት ለረጅም ዓመታት የዘለቀ ክርክር ተነሣ። የኩባንያው ስም «ቢርላ» ሆኖ ሳለ የሚቆጣጠረው ማን እንደሆነ በስሙ ብቻ ማወቅ እንደማይቻል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህ የተነሣ «ቢርላ» የሚል አርማ ያለበት የውል ሐሳብ ወይም የጨረታ ሰነድ የሚቀርብለት መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ቡድን ያስመዘገበውን የሥራ ልምድ ለሌላው መቁጠር የለበትም። የምዝገባ ቁጥሩን፣ የዋና መሥሪያ ቤቱን አድራሻና የባለአክሲዮኖቹን ማንነት ለየብቻ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

የህንድና የኢትዮጵያ የስም ሥርዓት ልዩነት

በኢትዮጵያ የሰው መታወቂያው የራሱ ስም ሲሆን፣ የአባትና የአያት ስም ይከተለዋል። የቤተሰብ ስም ባለመኖሩ የአንድ ሰው ሁለተኛ ስም ከልጁ ሁለተኛ ስም ይለያል። ሴትም በጋብቻ ስሟን አትለውጥም። በአብዛኛው የሰሜንና የምዕራብ ህንድ ክፍል ግን የመጨረሻው ስም ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይተላለፋል።

ይህን ልዩነት ያላገናዘበ የቅጽ አሞላል ስሕተት ያስከትላል። ኩማር ማንጋላም ቢርላ የሚለው ስም «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» በሚል ቅጽ ላይ እንደ ቅደም ተከተሉ ቢሞላ፣ የአባታቸው ስም «ማንጋላም»፣ የአያታቸው ስም «ቢርላ» ሆኖ ይመዘገባል። እውነቱ ግን አባታቸው አዲትያ ቪክራም፣ አያታቸው ባሳንት ኩማር መሆናቸው ነው። እንዲሁም ክሪሽና ኩማርና ባሳንት ኩማር «ኩማር» የሚለውን ቃል የተጋሩት የአባታቸው ስም ስለሆነ አይደለም፤ አባታቸው ጋንሽያም ዳስ ናቸውና። ኩማር በህንድ እጅግ የተለመደ የስም ተቀጽላ ነው።

የአክብሮት አጠራሩም እንዲሁ ይለያል። በአማርኛ ደብዳቤ ኢትዮጵያዊው «አቶ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ በራሱ ስም ይጠራል። ህንዳዊው ግን ብዙውን ጊዜ «ሚስተር» ተብሎ በቤተሰብ ስሙ ይጠራል። ይሁንና «ሚስተር ቢርላ» ብቻ ብሎ መጻፍ የትኛው ቢርላ እንደሆኑ ስለማይለይ የመጀመሪያ ስም ወይም ምሕፃረ ስም መጨመር ግድ ይላል። ጂ ዲ፣ ቢ ኤም፣ ኬ ኬ፣ ቢ ኬ፣ ኤም ፒ እና ሲ ኬ የሚሉት ፊደላት የተለያዩ ሰዎችን የሚለዩ እንደመሆናቸው ከሰነድ ላይ ሊቀሩ አይገባም።

ከቢርላ ጋር የሚነሣ ሌላ ስም

በአዲስ አበባ በግልጽ በሰሌዳ ላይ የሚነበበው የደቡብ እስያ ስም ጋንዲ ነው። በእናቶች ሕክምና የሚታወቀው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተሰየመው በቢርላ ሐውስ ሕይወታቸው ላለፈው ለማኅተመ ጋንዲ ነው። ይህም ስም ከተመሳሳይ ችግር ነፃ አይደለም። የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኢንዲራ ጋንዲ የጃዋሃርላል ኔህሩ ልጅ ሲሆኑ፣ ጋንዲ የሚለውን ስም ያገኙት ከባለቤታቸው ከፌሮዝ ጋንዲ ነው። ከማኅተመ ጋንዲ ጋር የሥጋ ዝምድና የላቸውም።

ለመዝገብ ሥራ የሚረዱ ነጥቦች

ስለዚህ አንድን መጠሪያ የሚመዘግብ ባለሙያ ከስሙ ጋር ሦስት ጉዳዮችን አብሮ ቢያሰፍር የተሻለ ይሆናል፤ እነርሱም ባለስሙ ሰው፣ ሥፍራ ወይም ድርጅት መሆኑ፣ የሚገኝበት ቦታ እና ስሙ ሥራ ላይ የዋለበት ዘመን ናቸው። ድርጅት ስሙን ሲለውጥ አዲሱ ማኅደር የቀድሞውን ስም፣ የቀድሞውም የአዲሱን እንዲጠቁም ማድረግ ያስፈልጋል። የውጭ ስሞች በአማርኛ ሲጻፉ «ቢርላ»፣ «ብርላ» ወይም «ቤርላ» በሚል ስለሚለያዩ፣ አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሌሎቹን በመጠቆሚያ ማስያዝ ፍለጋውን ያቀላል። ዓመተ ምሕረት በሚጠቀስበት ጊዜም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይገለጽ መታለፍ የለበትም።

የአቃቂው ፋብሪካ መዝገብ በዚህ መልክ ሲያያዝ፣ በኢንዶ-ኢትዮጵያ ስም ተቀጥሮ በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ስም የተሰናበተ ሠራተኛ አገልግሎቱ በአንድ ማኅደር ይገኝለታል። የሁለቱ አገሮች የኢንዱስትሪ ግንኙነት የተጀመረበት ታሪክም ከየትኛውም ስም ቢነሡ የሚደረስበት ይሆናል።